ምዕራፍ ሰባት፦ የታረመው ሐዋርያ

ሐምሌ 5 ቀን ቅዱስ ጴጥሮስና ቅዱስ ጳውሎስ በአንድነት ይታሰባሉ። በየቤተ ክርስቲያኑ ሥዕልም ጎን ለጎን ናቸው፤ የአንዱ ስም ሲነሣ የሌላው አብሮ ይመጣል። እነዚህ ሁለት ሐዋርያት ግን አንድ ጊዜ በአንጾኪያ ከተማ በሰው ሁሉ ፊት ተጋጭተዋል። ጳውሎስ ጴጥሮስን ፊት ለፊት ተቃውሞታል፤ ይህንንም ራሱ በገላትያ መልእክት ምዕራፍ 2 ከቁጥር 11 እስከ 14 ጽፎታል። ክፍሉን ለማንበብ አንድ ደቂቃ አይፈጅም። የጥንት መምህራንን ግን ለብዙ ዘመን አስጨንቋቸዋል።

ባለፉት ምዕራፎች ስለ ተግሣጽ ስንነጋገር በአብዛኛው የቆምነው ከገሣጩ ወገን ነበር፦ ምን ይበል፣ መቼ ይናገር፣ እንዴት ይጀምር። በምዕራፍ 3 የማቴዎስ ወንጌል 18 ያስቀመጠውን ቅደም ተከተል አይተናል፤ መጀመሪያ ለብቻ፣ ቀጥሎ ከአንድ ወይም ከሁለት ሰው ጋር፣ በመጨረሻም በቤተ ክርስቲያን ፊት። አሁን ወደ ሌላው ወገን እንሻገር። የሚታረመው ሰው መሪው ራሱ ቢሆንስ? በዚህ ምዕራፍ የማስረዳው አንድ ሐሳብ ነው፦ እርማት የሚፈጸመው ከገሣጩ ብልሃት ይልቅ በተቀባዩ ትሕትና ነው፤ ተቀባዩ ከፍ ባለ ወንበር ላይ በተቀመጠ መጠንም የእርሱ ድርሻ እየከበደ ይሄዳል። ይህን ለማየት የቤተ ክርስቲያን አባቶች የጻፉትን ወደሚመረምረው የትምህርት ዘርፍ ጥቂት እንገባለን። ባለሙያዎቹ ፓትሮሎጂ ይሉታል፤ እኛ የአበው ጥናት ብንለው ይበቃናል።

በአንጾኪያ የሆነው

አንጾኪያ ዛሬ በደቡብ ቱርክ የምትገኘው አንታክያ ናት። በዚያ ዘመን ከሮም መንግሥት ታላላቅ ከተሞች አንዷ ነበረች፤ ደቀ መዛሙርቱ መጀመሪያ ክርስቲያን የተባሉትም በእርሷ እንደሆነ የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 11 ይነግረናል። በከተማዋ ካመኑት መካከል አይሁድም አሕዛብም ነበሩ፤ አብረውም ይበሉ ነበር። ይህ ቀላል ነገር አልነበረም። የማን እጅ ያረደውን እንበላለን፣ ከማን ጋር እንቆርሳለን የሚለው ጥያቄ ምን ያህል ጥልቅ እንደሆነ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ማስረዳት አያሻም። ማዕድ ወገንን ይለያል፤ ማዕድ ወገንን ያዋሕዳል።

ጴጥሮስ አንጾኪያ በመጣ ጊዜ ከአሕዛብ ወገን ካመኑት ጋር በላ። በኋላ ከያዕቆብ ዘንድ፣ ከኢየሩሳሌም፣ ሰዎች መጡ። ያን ጊዜ ወደ ኋላ አለ፤ ራሱንም ለየ። ጳውሎስ ምክንያቱን አይሸፋፍንም፦ ከተገረዙት ወገን ያሉትን ፈርቶ ነው። ሌሎቹ አይሁድም ተከተሉት። በአሕዛብ መካከል ከጳውሎስ ጋር ወንጌልን ሲሰብክ የኖረው በርናባስ እንኳ ተሳበ።

እዚህ ላይ ልብ ልንለው የሚገባ ነገር አለ። ጴጥሮስ የተሳሳተው ባለማወቅ አይደለም። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 10 ወደ ሮማዊው መቶ አለቃ ወደ ቆርኔሌዎስ ቤት የገባው እርሱ ነው። ከዚያም ኢየሩሳሌም ተመልሶ፣ ካልተገረዙት ጋር ስለ ምን በላህ ብለው ለከሰሱት ሰዎች ነገሩን ከመጀመሪያው አንሥቶ ያስረዳው እርሱ ነው። ትምህርቱን ያውቀዋል። የጎደለው ድፍረት ነበር።

ባለማወቅ የሚመጣ ስሕተትና በፍርሃት የሚመጣ ስሕተት አንድ ዓይነት እርማት አይፈልጉም። በኤፌሶን አጵሎስ የሚባል አንደበተ ርቱዕ መምህር የዮሐንስን ጥምቀት ብቻ አውቆ ሲያስተምር ጵርስቅላና አቂላ ሰሙት። በምኵራቡ መካከል ተነሥተው አላቋረጡትም። ወደ እነርሱ ወስደው የእግዚአብሔርን መንገድ ይበልጥ አስተካክለው ገለጡለት። አጵሎስ ያልያዘውን ነገር መያዝ ነበረበት፤ ለዚያ ጓዳ ይበቃል። ጴጥሮስ ግን የያዘውን ነው የለቀቀው፤ የለቀቀውም ሰው እያየው ነው።

ስለ ምን በሰው ፊት?

ጠንቃቃ አንባቢ እዚህ ላይ ይጠይቃል። የጌታ ትእዛዝ መጀመሪያ ለብቻ የሚል ከሆነ፣ ጳውሎስ ስለ ምን በሁሉ ፊት ተናገረ? መልሱ ያለው በበደሉ ጠባይ ነው። የማቴዎስ 18 ቃል ወንድም በወንድሙ ላይ ስለሚያደርሰው በደል ይናገራል። በአንጾኪያ ግን መሪው በግልጽ ከማዕድ ተነሣ፤ ማኅበሩም ለሁለት ተከፈለ። ከአሕዛብ ወገን የሆኑት ክርስቲያኖች ማንም ምንም ሳይላቸው ከሌሎቹ እንደሚያንሱ ተነገራቸው። ጳውሎስ ጴጥሮስን ወደ ጥግ ወስዶ ቢመክረው፣ ጴጥሮስም ተመልሶ ቢቀመጥ፣ እነዚያ ሰዎች ምን እንደተበላሸና ምን እንደተስተካከለ ሳያውቁ ይቀሩ ነበር። በአደባባይ የፈረሰውን በጓዳ መጠገን አልተቻለም።

ያም ሆኖ ይህን ክፍል እንደ ፈቃድ ወረቀት ይዘው በመሪዎች ላይ የሚጮኹትን ሳይ አዝናለሁ። ጳውሎስ ምን እንዳደረገ በቅርብ ይመልከቱት። ቃሉ ለስላሳ አይደለም፤ ድርጊቱን ግብዝነት ብሎታል። የተቃወመው ግን ድርጊቱን ነው። እዚያው ምዕራፍ ላይ፣ ጥቂት ቁጥሮች ቀደም ብሎ፣ ለተገረዙት የሚሆነው ወንጌል ለጴጥሮስ በአደራ መሰጠቱን መስክሯል፤ ሐዋርያነቱን አልነካም። ንግግሩን የጀመረው በጥያቄ ነው። ቀጥሎም በትውልድ አይሁድ የሆንን እኛ እያለ ራሱን ከጴጥሮስ ጋር አንድ ላይ ያስቀምጣል። ለጢሞቴዎስ በተላከው አንደኛው መልእክት ምዕራፍ 5 ላይም ሦስት ትእዛዞች ተቀራርበው ይገኛሉ፦ ሽማግሌን እንደ አባት ምከረው እንጂ በኃይል አትናገረው፤ ያለ ሁለትና ሦስት ምስክር በሽማግሌ ላይ ክስ አትቀበል፤ ኃጢአት የሚሠሩትን ግን በሁሉ ፊት ገሥጽ። ሦስተኛውን ብቻ መዝዞ የሚሄድ ሰው መልእክቱን አላነበበም።

አበው ያፈሩበት ክፍል

በሦስተኛው መቶ ዘመን ፖርፊርዮስ የሚባል ፈላስፋ ክርስትናን የሚነቅፍ መጽሐፍ ጻፈ። ከያዛቸው መሣሪያዎች አንዱ ይኸው የአንጾኪያ ታሪክ ነበር፦ የሃይማኖታችሁ መሪዎች እርስ በርሳቸው ተጣልተዋል፤ ወይ ጴጥሮስ ተሳስቷል፣ ወይ ጳውሎስ ደፋር ነው። ነቀፋው ስለት ነበረው፤ አባቶችም መልስ ፈለጉለት።

ጳውሎስ በዚህ ክፍል ጴጥሮስን የሚጠራው ኬፋ ብሎ ነው፤ የእስክንድርያው ቀሌምንጦስ በአንጾኪያ የተገሠጸው ኬፋ ሌላ ሰው ነው፣ ከሰባዎቹ ደቀ መዛሙርት አንዱ ነው አለ። ኦሪጀንና እርሱን የተከተሉት የግሪክ ተርጓሚዎች ሌላ መንገድ መረጡ። እንደ እነርሱ አስተያየት ጠቡ የእውነት አልነበረም። ጴጥሮስ ሆን ብሎ ራሱን ለየ፤ ጳውሎስም ሆን ብሎ ገሠጸው፤ ጴጥሮስ ዝም ሲል የሚያዩት አይሁድ እንዲማሩ ሁለቱ ተስማምተው ያደረጉት ነው። የአንጾኪያ ተወላጅ የሆነው ዮሐንስ አፈወርቅም ይህን አስተያየት ደግፎ ሰብኳል። በ386 ገደማ (በዚህ ምዕራፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በቤተ ልሔም ገዳም ይኖር የነበረው ጄሮም ስለ ገላትያ መልእክት ማብራሪያ ሲጽፍ ያንኑ ሐሳብ ወደ ላቲን አሻገረው።

እነዚህን አባቶች ማቃለል አይገባም። ያነሣሣቸው ፍቅር ነው፤ የአባትን ገመና መሸፈን ይፈልጋሉ። ይህ ስሜት ለእኛም ቅርብ ነው፤ የምናከብረው አገልጋይ ሲሳሳት የመጀመሪያ ሥራችን አልተሳሳተም የሚያሰኝ ምክንያት መፈለግ ነው። ነገር ግን ጴጥሮስ ካልተሳሳተ አልታረመም። ካልታረመ ደግሞ ስሕተት የሠራ መሪ ምን ማድረግ እንዳለበት የሚያሳየን ሐዋርያ አጣን ማለት ነው።

መንገድ ላይ የቀረው ደብዳቤ

ይህን የተረዳው አንድ የሰሜን አፍሪካ ሰው ነው። አውግስጢኖስ በ354 ተወለደ፤ በኋላ ዛሬ በአልጄሪያ አናባ በምትባለው በሂፖ ጳጳስ ሆነ። የጄሮምን ማብራሪያ ሲያነብ ደነገጠ። በ394 ወይም በ395፣ ገና ቄስ ሳለ፣ ለጄሮም ደብዳቤ ጻፈ። ጄሮም በዕድሜ ይበልጠዋል፤ ዕብራይስጥና ግሪክ ጠንቅቆ የሚያውቅ፣ በዘመኑ ተወዳዳሪ የሌለው የመጽሐፍ ቅዱስ ሊቅ ነው። የወጣቱ ቄስ ሐሳብ ግን ግልጽ ነበር፦ ሐዋርያው በቅዱስ መጽሐፍ ውስጥ ያልሆነውን እንደ ሆነ አድርጎ ጽፏል ካልን፣ ከመጽሐፉ የትኛውን ቃል ማመን እንችላለን? ጳውሎስ በዚያው መልእክት ምዕራፍ 1 ላይ እንደማይዋሽ በእግዚአብሔር ፊት ምሎ የለም ወይ?

በምዕራፍ 5 እንዳየነው የጥንት ደብዳቤ ፖስታ ቤት አልነበረውም፤ የሚሄድ ሰው ይጠበቃል። ይህን ደብዳቤ እንዲያደርስ የታሰበው ሰው ሳይነሣ ጳጳስ ሆኖ ተሾመ፤ ብዙም ሳይቆይ ሞተ። ደብዳቤው ቤተ ልሔም አልደረሰም። አውግስጢኖስ በ397 ገደማ፣ አሁን ጳጳስ ሆኖ፣ ሌላ ጻፈ፤ በዚህኛው ጄሮም የጻፈውን እንዲያርም በግልጽ ጠየቀው። ሁለተኛውም ለባለቤቱ አልደረሰም። ሌሎች ሰዎች ግን ደረሱበት። እየተገለበጠ በኢጣልያ ተነበበ። ሲሲንዮስ የሚባል ዲያቆን በአድርያቲክ ባሕር ላይ ባለች ደሴት ከሌሎች የአውግስጢኖስ ጽሑፎች ጋር ቅጂውን አገኘ። ለጄሮም የደረሰው ወሬ ነበር፦ የሂፖው ጳጳስ መጽሐፍ ጽፎብህ ወደ ሮም ልኳል።

የጄሮምን ቦታ ሆናችሁ አስቡት። አረጋዊ መነኩሴ ነው። እድሜውን በትርጉም ሥራ ጨርሷል። የሚነቅፈው ጽሑፍ በባዕድ ከተማ ይዞራል፤ ለእርሱ ግን በጸሐፊው እጅ የተፈረመ አንድ ቅጠል አልደረሰውም። በመልሶቹ የጠየቀው ጥያቄ ፍትሐዊ ነው፦ ለእኔ የተጻፈውን ሌሎች ከእኔ በፊት ስለ ምን ያዙት? በተረፈ መልሱ ቀዝቃዛ ነበር፤ በየመስመሩ ቁጣ ይታያል። ወጣት ሽማግሌን እየተፈታተነ ስም ማትረፍ እንደሌለበትም አስጠንቅቆታል።

እኔ ይህን የደብዳቤ ልውውጥ ለአገልጋዮች ሁሉ እንዲነበብ እመኛለሁ፤ ምክንያቱም አውግስጢኖስ በሐሳቡ ልክ ሆኖ ሳለ እርማቱ አቆሰለ። ጥፋቱ የቃሉ ብቻ አልነበረም፤ የመንገዱ ነበር። ለአንድ ሰው የታሰበ ተግሣጽ ከእርሱ በፊት ሌላ ጆሮ ሲገባ ጠባዩ ይለወጣል፤ ምክር የነበረው ክስ ይሆናል። ያኔ ይህ የሆነው በባሕር ጉዞ ችግር ነበር። ዛሬ ስለ አንድ አገልጋይ የተነገረ ነቀፋ ባለቤቱ ሳይሰማው በቴሌግራምና በዩቲዩብ አዲስ አበባም ዋሽንግተንም ዱባይም ይሰማል፤ ያውም አብዛኛውን ጊዜ በፈቃድ።

አውግስጢኖስ ቀጥሎ ያደረገው ነው ነገሩን ያዳነው። ጳጳስ ነው፤ ጄሮም ቄስ ብቻ ነው። በማዕረግ መከራከር ይችል ነበር። እርሱ ግን ይቅርታ ለመነ፤ መጽሐፍ እንዳልጻፈበትም አስረዳ። በ405 በላከው ረጅም ደብዳቤም በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ጳጳስ ከቄስ ቢበልጥም አውግስጢኖስ በብዙ ነገር ከጄሮም እንደሚያንስ ጻፈ። በሐሳቡ ግን አልተመለሰም። በትሕትና ስም እውነቱን አልለቀቀም፤ በእውነት ስምም ሰውየውን አልጣለም።

ክንዱን የሰጠው

በዚያ በ405ቱ ደብዳቤ ውስጥ የምዕራፋችን ልብ አለ። አውግስጢኖስ ጴጥሮስና ጳውሎስን ያነጻጽራል። ጳውሎስ ያሳየው ድፍረት ነው፤ ታናሹ ለወንጌል እውነት ሲል ታላቁን ለመቃወም አልፈራም። ይህ የሚመሰገን ነው። ጴጥሮስ ያሳየው ግን ከዚህ ይልቅ ብርቅና ቅዱስ ነው፤ ታላቁ ከታናሹ ተግሣጽን ተቀበለ። አባቶች ለጴጥሮስ ክብር ሲሉ ሊሰርዙት የፈለጉትን ክፍል አውግስጢኖስ የጴጥሮስ ክብር የተጻፈበት ቦታ አድርጎ አነበበው። ብቻውንም አልነበረም። በ258 በሰማዕትነት ያረፈው የካርቴጁ ጳጳስ ቆጵርያኖስም፣ ጴጥሮስ ከጳውሎስ ጋር በተከራከረ ጊዜ ቀዳሚ ነኝና ታዘዙኝ ብሎ እንዳልታበየ ቀደም ሲል ጽፎ ነበር።

ለምን ይበልጣል? ወጌሻ ዘንድ የተወሰደ ሰው አስቡ። ክንዱ ወልቋል። ወጌሻው ቅቤ ቀብቶ በጣቱ እየዳሰሰ አጥንቱ የት እንደተለየ ይፈልጋል፤ ሲያገኘው ይስበዋል፤ ሕመሙ ያስጮኻል። ወጌሻው የቱንም ያህል ቢካን፣ ሰውየው ክንዱን ከሸሸገ ወይም ሲነካ ከነጠቀ ሥራው አይሠራም። የቱ ጋ እንደሚያም መናገር ያለበት ታማሚው ነው። በሚጎተትበት ጊዜ ጸንቶ መቀመጥ ያለበትም እርሱ ነው። አሁን ደግሞ ታማሚው የመንደሩ አለቃ ነው እንበል። ወጌሻው እጁን ከመዘርጋቱ በፊት ፊቱን ያያል። አለቃው ቢቆጣ ማን ያድነዋል? ስለዚህ አለቃው ዝም ብሎ መታገሥ ብቻ አይበቃውም፤ እጀጌውን ራሱ ሰብስቦ፣ ክንዱን ራሱ ዘርግቶ፣ ሳበው ማለት አለበት። የመሪ ድርሻ የሚከብደው በዚህ ነው። ከበታቹ ያለ ሰው የሚናገረው መሪው እንደሚሰማው ሲያምን ብቻ ነው፤ ያንን እምነት የሚፈጥረው መሪው ነው።

የገላትያ መልእክት ጴጥሮስ ምን እንደመለሰ አይናገርም። አውግስጢኖስ መቀበሉን ያነበበው ከዝምታው ነው። ሁለተኛው የጴጥሮስ መልእክት ግን በምዕራፍ 3 ጳውሎስን የተወደደ ወንድም ይለዋል፤ መልእክቶቹንም ያነሣል፣ በጥበብ እንደተጻፉም ይመሰክራል። ከነዚያ መልእክቶች በአንዱ ውስጥ የጴጥሮስ ጥፋት ለዘላለም ተጽፏል። ታላቁ ጎርጎርዮስ በነቢዩ ሕዝቅኤል ላይ ሲሰብክ ይህን አስተውሎ ተደንቋል፦ ጴጥሮስ እርሱ የተነቀፈበትን መጽሐፍ አመሰገነ።

ወንበሩ ጆሮ ሲደፍን

ይኸው ጎርጎርዮስ በ590 የሮም ጳጳስ እንደሆነ ስለ እረኝነት ሥራ አንድ መመሪያ ጻፈ። በመካከለኛው ዘመን የምዕራብ አውሮፓ ካህናት ከእጃቸው ያልለዩት መጽሐፍ ነው። ሦስተኛው ክፍል ድሃና ሀብታም፣ ደስተኛና ኀዘንተኛ፣ መሪና ተመሪ በአንድ ዓይነት ቃል እንደማይመከሩ እያጣመረ ያሳያል። ለእኛ የሚጠቅመው ግን ሁለተኛው ክፍል ላይ ስለ መሪ ልብ የሚለው ነው። መሪ ያዘዘው ወዲያው ይፈጸማል። መልካም ሲሠራ የበታቾቹ ያመሰግኑታል፤ ሲያጠፋ የሚቃወሙበት ሥልጣን የላቸውም፤ እንዲያውም ሊነቅፉት የሚገባውን ያሞግሱለታል። በዙሪያው ከሚሰማው ድምፅ የተነሣ ራሱን ይረሳል፤ ውጭ የሚሰማውን ውዳሴ ውስጡ ያለ እውነት አድርጎ ይይዛል።

ይህ ትዕቢተኛ በሆነ ሰው ላይ ብቻ የሚደርስ አይደለም። ወንበሩ ራሱ ይሠራዋል። ቅን አገልጋይ በወንበሩ ላይ አሥር ዓመት ቢቀመጥ፣ አንድም ሰው ተሳስተሃል ሳይለው ሊያልፍ ይችላል፤ ያም ስላልተሳሳተ አይደለም። በአገራችን ደግሞ አክብሮቱ ወፍራም ነው። ለአባ ወይም ለፓስተሩ እንዴት ተደርጎ ይነገራል? እንላለን። አክብሮቱ መልካም ነው፤ ጳውሎስም ሽማግሌን እንደ አባት ምከር ብሏል። ነገር ግን እንደ አባት ምከር ማለት ምከር ማለትም ነው።

መሪው ምን ያድርግ? የተለመደው ምክር በሬን ክፍት አደርጋለሁ ማለት ነው። አይበቃም፤ ክፍት በር ማንም የማይገባበት ሊሆን ይችላል። መሪው ራሱ መጠየቅ አለበት፤ ያውም ጠቅላላ ጥያቄ ሳይሆን ተለይቶ የታወቀ ጥያቄ፦ እሑድ ያንን ወንድም በጉባኤ ፊት የተናገርኩበት መንገድ እንዴት ነበር? መልሱ ሲመጣም ወዲያው ማብራሪያ አለመስጠት። ያረመውን ሰው በሚቀጥለው ሳምንት ከአገልግሎት ዝርዝር አለመሰረዝ። ምእመናን የመሪን ትሕትና የሚመዝኑት በጸሎቱ ቃል አይደለም፤ የተናገረው ሰው በኋላ ምን ደረሰበት ብለው ነው። አንድ ሰው ተናግሮ ከተገፋ፣ ከዚያ በኋላ ለዓመታት ማንም አይናገርም።

አውግስጢኖስ ይህን በራሱ ላይ ፈጽሞታል። በ426 እና በ427፣ ሰባ ዓመት ካለፈው በኋላ፣ ዕድሜ ልኩን የጻፋቸውን ሥራዎች አንድ በአንድ እያወጣ መረመረ፤ 93 ሥራዎች ነበሩ። የት እንደተሳሳተ፣ የት ቃሉ እንደጎደለ፣ የቱን ዛሬ ቢሆን በሌላ መንገድ እንደሚል በጽሑፍ አሰፈረ። ማንም አላስገደደውም።

ጄሮምስ? በግልጽ ተሳስቼ ነበር ብሎ አልጻፈለትም። ነገር ግን በ415 ጴላግዮስ የሚባለውን መምህር በተቃወመበት መጽሐፍ የአንጾኪያን ነገር ሲያነሣ ጴጥሮስ በእውነት እንደተነቀፈ አድርጎ ጻፈው። የሃያ ዓመቱ ክርክር በዚህ አበቃ። አውግስጢኖስ ይህን አየ። ጥቂት ቆይቶ ኦክያኖስ ለሚባል ሰው ስለዚሁ ጉዳይ ሲጽፍ፣ ጄሮም በአዲሱ መጽሐፉ ስለ ሐዋርያቱ የያዘው አስተያየት የብፁዕ ቆጵርያኖስ አስተያየት እንደሆነ፣ እርሱ ራሱም የተከተለው ያንኑ እንደሆነ ነገረው።